ዮዲት በአቃቂ በሰቃ መማሪያ ክፍል

አቃቂ በሰቃ የአዲስ አበባ ደቡባዊ በር ነው። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ ከተዘረጋበት ዘመን ጀምሮ፣ ይልቁንም የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ከተተከሉ ወዲህ፣ በነባሩ የቱለማ ኦሮሞ ምድር ላይ ከየአቅጣጫው ሥራ ፍለጋ የመጣ ሕዝብ ሰፍሮበታል። ከዚህም የተነሣ በአካባቢው አንድ የታሪክ መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ «ዮዲት» ብሎ በጻፈ ጊዜ፣ ከፊቱ የተቀመጡት የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ወጣቶች ስሙን በአንድ ዓይን አያነቡትም። አያቱ ከትግራይ የመጣችለት ልጅ ጣሪያው በእሳት የጠቆረ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ እየሰማ አድጓል። ከጎንደር ወገን የሆነችው ደግሞ ቤተሰቦቿ ስለ ፈላሻ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ሲያወሩ ሰምታለች። ሌላው ከስሙ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ስሙ ግን ያሥቀዋል።

የሚያሥቀው «ጉዲት» የሚለው ቅጽል ነው። ጉድ በአማርኛ የሚያስደንቅም የሚያሳፍርም ነገር ነው፤ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» የሚለው ተረት እንኳ የትኛውን ጉድ እንደሚል አይለይም። ሕዝቡ ግን በዚህች ንግሥት ላይ ሲደርስ ለይቷል። እሷ የአሳፋሪው ጉድ ባለቤት ሆና ቀርታለች። ሳቁ ሲበርድ በክፍሉ ውስጥ ባሉት ልጃገረዶች ላይ የሚጥለው ነገር አለ። አንደበቷ የተፈታ፣ አልበገርም ያለች ልጅ በሠፈሯ «ይህች ጉደኛ» መባሏን ታውቃለችና፣ ስድቡ አንድ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ የሚሄድ ሥር እንዳለው ያን ጊዜ ትረዳለች። ሌላም ነገር አለ። ልጆቹ ትምህርቱን በቃል ሲመልሱ «ንጉሡ ሸሹ፤ ዮዲት አቃጠለች» ይላሉ። የተሸነፈው ንጉሥ በአክብሮት ሲጠራ አሸናፊዋ ንግሥት እንደ ጎረቤት ልጅ ትጠራለች። እቴጌ ምንትዋብና እቴጌ ጣይቱ ሲወሱ የማይጎድለው ክብር ለእሷ ሲደርስ ይጎድላል። ይህን ያስተማራቸው መምህሩ ሳይሆን ቋንቋው ነው።

በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ አንድ ወጥ አይደለም። በአንደኛው አተራረክ ዮዲት የአክሱም ነገሥታት ዘር ናት። መልኳ ያማረ፣ ኑሮዋ የደኸየ ወጣት ነበረች። ከቤተ ክህነት ሰው ጋር በተያያዘ ክስ ተወንጅላ ጡቷ ይቆረጣል፤ ከአገርም ትባረራለች። በስደት ላይ የሻም ንጉሥ ልጅ ዘኖቢስ ያገኛታል፤ ታገባዋለች፤ የአይሁድን ሃይማኖት ትቀበላለች፤ ኋላም ጦር አስከትላ ትመለሳለች። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1772 በኢትዮጵያ የቆየው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የተለየ ታሪክ አስፍሯል። በእሱ ዘንድ ዮዲት የስሜን አይሁዶች ንጉሥ የጌዴዎን ልጅና የቡግና ገዥ ሚስት ናት። የነገሥታቱ ልጆች የሚጠበቁበትን ደብረ ዳሞን ይዛ አራት መቶ ያህል መሳፍንት ፈጀች፤ ሕፃኑን አልጋ ወራሽ ታማኞች መኳንንት ወደ ሸዋ አሸሹት ይላል። አርባ ዓመት ገዛች በሚለው ላይ ብዙዎቹ ይስማማሉ። ሦስተኛ ስሟ «እሳቶ» ነው፤ እሳት። ሦስቱም ስሞች ሌሎች ያወጡላት ለመሆናቸው ራሳቸው ይመሰክራሉ። ጉድ ወይም እሳት ብሎ ራሱን የሚጠራ ንጉሥ አይገኝምና።

ወጣቶች ይህን ታሪክ ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት «እውነት ነውን?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መምህሩ ግን ከመመለሱ በፊት በመጀመሪያው አተራረክ ላይ ትንሽ ቢቆይ ይጠቀማል። ዮዲትን የሚያወግዘው ይኸው ታሪክ ለቁጣዋ ምክንያት ይሰጣታል፤ ምክንያቱም የተፈጸመባት ግፍ ነው። ተራኪዎቹ፣ ካህናቱም ጭምር፣ ያን ቁራጭ ከታሪኩ አላወጡትም። ሊክዷት ያልቻሉት አንድ ነገር እንደ ነበር ያስገምታል።

በዘመኗ ወይም በዘመኗ አቅራቢያ የተጻፉት ማስረጃዎች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ከኢትዮጵያ ውጭ የተጻፉ ናቸው። የመጀመሪያው የንጽቢኑ ተወላጅ የዐረብ ጂኦግራፊ ሊቅ ኢብን ሐውቀል ነው። መጽሐፉን በ970ዎቹ ዓመታት ሲያጠናቅቅ ስለ ሐበሻ አገር በጥቂት መስመሮች የሚከተለውን ነገር መዝግቧል። ያን አገር ከረጅም ዓመታት ጀምሮ አንዲት ሴት ትገዛለች፤ «ሐዳኒ» የሚባለውን ንጉሥ የገደለችው እሷ ናት፤ በራሷ አገርና በሐዳኒው ግዛት ደቡባዊ ዳርቻ እስከ ጸሐፊው ዘመን ድረስ በማንም ሳትታዘዝ ትኖራለች። ሐዳኒ የተባለው የግእዙ «ሐፃኒ» ነው፤ የኋላው «ዐፄ» ከዚያው የወጣ ነው። ኢብን ሐውቀል አይራገምም፤ አያመሰግንምም። ስለ ሴትነቷ ከመገረም ያለፈ የሚለው የለውም። ስሟን አልጻፈም፤ ሃይማኖቷንም አላነሣም።

ሁለተኛው ማስረጃ ደግሞ ፈገግ የሚያሰኝ ነው። በ969 ወይም በ970 የየመኑ ገዥ ለኢራቁ ገዥ የሜዳ አህያ በስጦታ እንደ ላከ፣ እንስሳይቱም ቀድሞ ከሐበሻዋ ንግሥት በገጸ በረከት የመጣች እንደ ነበረች የዐረብ ታሪክ ጸሐፊ መዝግቦታል። ወጣቶቹ ከሁሉ ይልቅ የሚያስታውሱት ይህን ቢሆን አያስገርምም። ነገሩ ግን ከጨዋታነት ያልፋል። የሜዳ አህያ ከባሕር ማዶ ለመላክ የንግድ መንገድ፣ ወደብ የሚያደርስ ሰው፣ ከየመን ጋርም የተጠበቀ ወዳጅነት ያስፈልጋል። እሳትና ሰይፍ ብቻ የያዘ ጦር መሪ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ንግሥቲቱ መንግሥት ነበራት።

ሦስተኛው ማስረጃ ከሁሉም የከበደው ነው፤ ምክንያቱም የተናገረው ተሸናፊው ራሱ ነው። በእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥ፣ ከ979 እስከ 1003 በመንበሩ በነበረው በአቡነ ፊላታዎስ ዜና ሥር፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ የላከው ደብዳቤ ፍሬ ነገር ይገኛል። የባኒ አል ሐምውያ ንግሥት በእኔና በአገሬ ላይ ተነሣችብኝ፤ ብዙ ሕዝብ ማረከች፤ ከተሞችን አቃጠለች፤ አብያተ ክርስቲያናትን አፈረሰች፤ እኔንም ከቦታ ቦታ አሳደደችኝ ይላል። ልመናውም ጊዮርጊስ በፓትርያርኩ ዘንድ አማላጅ ሆኖ ጳጳስ እንዲያስልክለት ነው።

የልመናው ምክንያት ወደ ኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ይወስዳል። በፓትርያርክ ቆዝሞስ ዘመን፣ ከ920 እስከ 932 ባለው ጊዜ፣ ጴጥሮስ የሚባል ጳጳስ ወደ ኢትዮጵያ ተልኮ ነበር። አንድ ንጉሥ ሊሞት ሲል ከሁለቱ ልጆቹ ለመንግሥት የሚሻለውን እንዲመርጥ አደራ ሰጠው፤ ጴጥሮስም ታናሹን አነገሠ። ኋላ ሚናስና ቪክቶር የሚባሉ ሁለት ዘዋሪ መነኮሳት ገንዘብ ጠይቀውት ቢነፍጋቸው፣ ጴጥሮስ ሐሰተኛ ነው፣ እውነተኛው ጳጳስ ሚናስ ነው የሚል የሐሰት ደብዳቤ ይዘው ወደ ታላቁ ወንድም ሄዱ። ታላቁ ተነሥቶ ዙፋኑን ያዘ፤ ጴጥሮስን አጋዘ። እውነቱ ሲታወቅ ሚናስ ተገደለ፤ ጴጥሮስ ግን በግዞት ሞቶ ተገኘ። የእስክንድርያ ፓትርያርኮችም ተቆጥተው በአምስት ፓትርያርኮች ዘመን ያለ ጳጳስ አስቀሩት። ስደተኛው ንጉሥ መከራውን ሁሉ የዚህ በደል ቅጣት አድርጎ ያየዋል። ፊላታዎስ ልመናውን ሰምቶ ዳንኤል የሚባል መነኩሴ ጳጳስ አድርጎ ላከ፤ ያን ጊዜ የሴቲቱ ኃይል አበቃ ይላል ጸሐፊው።

ታሪክ እንዴት እንደሚመዘን ለወጣቶች ለማሳየት ከዚህ ደብዳቤ የተሻለ መማሪያ ማግኘት ያስቸግራል። ጸሐፊው ምን ይፈልጋል? ጳጳስ ይፈልጋል። ታዲያ መከራውን አሳንሶ ይጽፋልን? አያሳንስም። ሆኖም ንጉሥ ከቦታ ቦታ ተሰደድኩ ብሎ በራሱ ላይ የሚመሰክረው ያለ ምክንያት አይደለምና፣ ሽንፈቱ እውነት ለመሆኑ አያጠራጥርም። ደግሞ ልብ ማለት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ንጉሡ ስለ ጠላቱ የሚለውን ሁሉ ሲል አይሁዳዊት ናት አይልም። ለአንድ ፓትርያርክ አቤቱታ የሚያሰማ ክርስቲያን ንጉሥ፣ ጠላቱ የአይሁድ ንግሥት ብትሆን ኖሮ ይህን ለመናገር ዝም የሚልበት ምክንያት አይታይም።

እንግዲህ የዮዲት አይሁዳዊነት ከየት መጣ? ሊቃውንቱ በዚህ ይለያያሉ። ኢጣልያዊው ኮንቲ ሮሲኒ በደብዳቤው ውስጥ ያለውን «ሐምውያ» የጽሕፈት ስሕተት አድርጎ «ዳሞት» ብሎ ማንበብን ሐሳብ አቀረበ። እንዲህ ከሆነ ንግሥቲቱ በደቡብ የነበረው የዳሞት መንግሥት ገዥ ናት፤ የኢብን ሐውቀልም «ደቡባዊ ዳርቻ» ይህን ይደግፋል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ መጽሐፍ ወደዚሁ አዘንብለዋል። ፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ በዚያው ዓመት የጉዲትን ችግር ለብቻው አንሥተው መርምረዋል። ከዚያ በኋላ በ1992 ስለ ቤተ እስራኤል የጻፈው ስቲቨን ካፕላን ደግሞ ሌላ ቁልፍ ሰጥቷል። በመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ጽሑፎች «አይሁድ» የሚለው ቃል የኦሪትን ሃይማኖት ለያዙት ብቻ አልነበረም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከ1434 እስከ 1468፣ በሃይማኖት ነገር ከቤተ መንግሥቱ የተለዩ ክርስቲያኖች ጭምር አይሁድ ተብለዋል። ዐመፀኛ ሁሉ አይሁድ በሚባልበት አገር፣ ንጉሥ የገደለች ሴት ከዚያ ስም ልታመልጥ አትችልም ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ «ዮዲት አይሁዳዊት አልነበረችም» ብሎ ትምህርቱን መዝጋት ይቻል ነበር። ይህ ግን ችኩልነት ይሆናል። ስድብ ሆኖ የተሰጠውን ስም ቤተ እስራኤል ራሳቸው አንሥተው ክብር አድርገውታል። የጌዴዎንን ቤት ነገሥታትና ከእነርሱ የወጣችውን ኃያል ንግሥት በትውፊታቸው ይዘዋል፤ በኋላም በእስራኤል አገር ስለ ራሳቸው ለልጆቻቸው ሲነግሩ ዮዲትን አልዘለሏትም። አንድ ማኅበረሰብ ርስቱን ካጣ፣ ነገሥታቱም ካለቁ በኋላ፣ ጠላቶቹ እንኳ የመሰከሩለትን አንድ ድል አጥብቆ መያዙ የሚያስወቅሰው አይደለም። መምህሩ ሁለቱን መለየት ይገባዋል፤ የአሥረኛው መቶ ዓመት ሰነድ ስለ ንግሥቲቱ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ሕዝብ ከእሷ ያገኘው ብርታት ሌላ ነው። ሁለተኛውም ታሪክ ነው።

ለአክሱም ጥፋት ሁሉ እሷን ተጠያቂ ማድረግ ግን ከቶ አይጸናም። የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ማተም ያቆሙት በሰባተኛው መቶ ዓመት ነው፤ የቀይ ባሕር ንግድ ከእጃቸው የወጣው፣ የከተማይቱም ኃይል የደከመው ከንግሥቲቱ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። 33 ሜትር የሚረዝመውና ከ500 ቶን በላይ የሚመዝነው ታላቁ ሐውልት በጉዲት ተገፍቶ ወደቀ ይባላል። የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ግን በአራተኛው መቶ ዓመት ሲተከል ወይም ወዲያው እንደ ተተከለ ሳይወድቅ አይቀርም ይላሉ። ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ በእርሻ መካከል ያሉት ያልተጠረቡ ብዙ ሐውልቶች «የጉዲት ሐውልቶች» ተብለው ይጠራሉ፤ እነርሱም ከእሷ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድሙ የመቃብር ምልክቶች ናቸው። የወደቀና የጠቆረ ነገር ሁሉ በእሷ ስም ተመዝግቧል። በውቅሮ ጨርቆስ ጣሪያ ላይ ያለው ጥቁረትም እንዲሁ የእሷ እሳት ነው ይባላል።

ይህ ማለት ግን እጇ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የደብዳቤው ምስክርነት ግማሹ ቢቀነስ እንኳ ምርኮኞች ነበሩ፤ የተቃጠሉ ከተሞች ነበሩ። ስለ ደፋር ሴት መሪ ለወጣቶች ማስተማር ጥፋቷን መሸፈን ከሆነ፣ አንዱን ተረት በሌላ ተረት መለወጥ ነው። የሚጠየቀው ሚዛኑ አንድ እንዲሆን ነው። የነገሥታቱ ዜና መዋዕሎች የተቃጠለ መንደርንና የተነዳ ምርኮን የድል ማስረጃ አድርገው ይቆጥራሉ። ያንኑ ሥራ አንዲት ሴት ስትሠራው ጉድ ይሆናል።

ለዚህ ሚዛን ከቤተ እስራኤል ታሪክ ሌላ ምስክር አለ፤ የዚህኛው ማስረጃ ደግሞ እጅግ የቀረበ ነው። ከ1563 እስከ 1597 የነገሠው ዐፄ ሠርፀ ድንግል በስሜን ተራሮች በነበሩት የቤተ እስራኤል መሪዎች ላይ ዘምቶ ነበር። ዘመቻውን በቅርብ የሚያውቅ የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ሁኔታውን በግእዝ መዝግቦታል፤ ጽሑፉን ዮሴፍ ሃሌቪ የተባለው ሊቅ በ1907 ለብቻው አሳትሞታል። ምርኮኞች በገደል አፋፍ ሲነዱ ከመካከላቸው አንዲቱ እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ ነበር። ጥልቁ ገደል ሲደርሱ አዶናይን እየጠራች ራሷን ወረወረች፤ ማራኪዋንም ይዛው ወረደች። ጸሐፊው የንጉሡ ሰውና ክርስቲያን ነው፤ ተጎጂው ወታደርም የራሱ ወገን ነው። ሆኖም ድፍረቷን ሲያደንቅ ብዕሩን አልያዘም። እንዲህ ያደረገችውም እሷ ብቻ እንዳልነበረች ይጨምራል። ስሟን ግን አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። ከ1607 እስከ 1632 በነገሠው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የስሜኑ ጌዴዎን ተገደለ፤ የቤተ እስራኤል ነፃነት አከተመ፤ ርስት የመያዝ መብታቸውም ተነጠቀ። ወንዶቹ በብረት ቅጥቀጣና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ኖሩ። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ገበሬው ቀን ይፈልገዋል፤ ማታ ቡዳ ብሎ ይፈራዋል። በአቃቂ በሰቃ ለሚማር ወጣት ይህ የሩቅ ነገር ሊመስለው አይገባም። አባቱ ወይም አያቱ ብረት ሲያቀልጥ፣ ሲቀጠቅጥ፣ ወይም በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ድርና ማግ ሲያገናኝ ኖሯል። ዛሬ ደመወዝና መታወቂያ ያለው ሙያ በቀድሞው ዘመን ሰው የሚሸሸው ሙያ ነበር፤ «ቀጥቃጭ» እና «ሸማኔ» የሚሉት ቃላት እንደ ስድብ ሲወረወሩ የሰማ ሽማግሌ በሠፈሩ አይጠፋም። ልጁ የእጅ ሙያ ለምን እንደ ተናቀ የሚጠይቅበት ሰዓትም ይኸው የዮዲት ትምህርት ነው፤ ሙያውን የያዙት ርስት የተነፈጉ ሰዎች ነበሩና።

ባለሙያዎቹ ራሳቸው አሁን አብዛኞቹ በአገሩ የሉም። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤል ወጡ፤ በመንገድም ብዙዎች ረግፈው ቀሩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991፣ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። የዛሬዎቹ ተማሪዎች ያን ጊዜ አልተወለዱም። ጎረቤት ሆኖ የማያውቁትን ሕዝብ የሚያውቁት በሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ ከሽማግሌ በሚሰሙት የቡዳ ወሬ፣ ወይም መምህሩ በሰሌዳው ላይ በሚጽፈው።

በዚህ ምክንያት ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን ማቆም የሚጠቅም ዘዴ ነው። በአንደኛው ዓምድ ልጆቹ ራሳቸው ከሰነዶቹ እየለቀሙ የሚጸናውን ብቻ ይጽፋሉ፤ በአሥረኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነበረች፤ ንጉሥ ገደለች፤ ሌላውን አሳደደች፤ ዓመታት ገዛች፤ ከባሕር ማዶ ጋር ስጦታ ተለዋወጠች። ጡቷ፣ ዘኖቢስ፣ አራት መቶው መሳፍንት፣ ታላቁ ሐውልት ከመሥመር በታች ይወርዳሉ፤ አይሰረዙም፤ «ይባላል» የሚል ይጻፍባቸዋል። በሁለተኛው ዓምድ የሚጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጇ የታሰረ ምርኮኛ፣ የስሜን ገደል፣ አንድ ጩኸት። በመጀመሪያው ዓምድ ራስጌ ሦስት ስሞች ይሰፍራሉ። በሁለተኛው ራስጌ የሚሰፍር ስም የለም።